ከበረት እስከ ወንዝ፦ ፍግ፣ ጎርፍና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በአርሲ ደጋ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዚህ ጉባኤ ንግግር እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ እናገራለሁ ብላችሁ የጠበቃችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት ስለ ፍግ ለመናገር ነው። ርእሱ የእርሻ ባለሙያዎችና የእንስሳት ሐኪሞች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ፍግ ከበረት ወጥቶ ወደ ማሳ፣ ከማሳም በጎርፍ ታጥቦ ወደ ወንዝ በሚደርስበት መንገድ ሁሉ ቦዩን የሚቀድ፣ ጉድጓዱን የሚለካ፣ ተዳፋቱን የሚያስተካክል መሐንዲስ አለ፤ ወይም ሊኖር ሲገባው የለም። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በበቆጂ አካባቢ የሚገኙ ወተት አምራቾች ለሚያሠሩት የላሞች በረት የፍሳሽ ማስወገጃ እንድነድፍላቸው ጠየቁኝ። በረቱ ክረምት በመጣ ቁጥር በጭቃና በእበት ይጥለቀለቅ ስለ ነበረ ወለሉን በሲሚንቶ አስለስኜ፣ ተገቢውን ተዳፋት ሰጥቼ፣ እበቱንና ሽንቱን በውኃ ጠርጎ የሚያወጣ ቦይ አበጀሁ። የቦዩ ጫፍ ከበረቱ በታች በሚገኘው ሸለቆ አፋፍ ላይ ያበቃ ነበር። ሥራው በታቀደለት ጊዜ ተፈጸመ፤ በረቱ ጸዳ፤ ላሞቹም ከጭቃ ወጡ። እኔም ተመሰገንሁ።

በተከታዩ ክረምት ሥራውን ለመጎብኘት ስመለስ፣ ከሸለቆው በታች የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ቀረቡና በኦሮምኛ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ «ልጄ፣ ቆሻሻውን ከእነርሱ ደጅ አራቅኸው፤ ከማን ደጅ አደረስኸው?» ማለት ነው። መልስ አልነበረኝም። ቦዬ የሚያፈስበት ጅረት የእርሳቸው ቤተሰብና ጎረቤቶቻቸው ውኃ የሚቀዱበት፣ ከብት የሚያጠጡበት፣ በበጋም የድንችና የነጭ ሽንኩርት መደባቸውን የሚያለሙበት ነበር። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው ብትሉት ትክክል ይሆናል።

የአካባቢው አቀማመጥና የከብቱ አያያዝ

በቆጂ ከአሰላ በስተደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ስሟ በዓለም የተሰማው እንደ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ባሉት ሯጮች ነው። የአካባቢው ገበሬ ኑሮ ግን ገብስ፣ ስንዴ፣ ድንችና ከብት ነው። ከጭላሎ፣ ከበዳና ከካካ ተራሮች ምዕራባዊ ተዳፋት የሚወርዱት ጅረቶች በከታር ወንዝ እየተሰበሰቡ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ውኃው ከበቆጂ ደጋ ተነሥቶ ሐይቁ እስኪደርስ ከ1,100 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። በዚህ ቁልቁለት ሁሉ የላይኛው የጣለውን የታችኛው ይቀዳል። በመጨረሻም ውኃው የሚያርፈው ጥልቀቱ በአማካይ ከ3 ሜትር በማይበልጥ ሐይቅ ሲሆን፣ ከዚያ ዓሣ ይጠመዳል፣ በዳርቻውም ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል።

የአርሲ ደጋ በአገራችን የእርሻ ታሪክ ልዩ ስፍራ አለው። ካዱ በሚባል አጠራር የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ አሰላ ላይ ተቋቁሞ፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘርን፣ ማዳበሪያንና ዲቃላ የወተት ላሞችን ለገበሬው አስተዋውቋል። የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልም የዚያው ጥረት ፍሬ ነው። ዲቃላዋ ላም ከአገሬው ላም እጅግ የበለጠ ወተት ትሰጣለች። ነገር ግን በግት በሽታ ለመጠቃት የቀረበች፣ በበረት ታስራ የምትቀለብና መድኃኒት አዘውትራ የምትሻ ናት። ስለዚህ ቀድሞ በግጦሽ መስክ ላይ ተበትኖ ይቀር የነበረው እበት ዛሬ በአንድ በረት ይከማቻል፤ የሚከማቸውም መድኃኒት ከወሰደች ላም የወጣ እበት ጭምር ነው።

በሌላ በኩል፣ እበት በደጋው ሕይወት ከጥንት ጀምሮ ኩበት እየሆነ ሲነድ የኖረ ማገዶ ነው። እሳት በእበቱ ውስጥ ያለውን ሕያው ነገር ሁሉ ያጠፋል፤ ይሁን እንጂ ለመሬቱ የሚገባውን ናይትሮጅንና ለም አካል አብሮ ያቃጥላል። የእርሻ ባለሙያዎች እበት ከምድጃ ወደ ማሳ ይመለስ ብለው ለብዙ ዓመታት ሲመክሩ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በናረ ጊዜ ደግሞ ምክሩ የበለጠ ሰሚ አገኘ። ምክሩ ትክክል ነው። እኔም አልቃወመውም። ነገር ግን ሁለት መልካም ነገሮች፣ ማለትም በመድኃኒት የዳነች ላምና በፍግ የዳበረ ማሳ፣ በአንድነት ሲገናኙ አስቀድሞ ያልታሰበ ሦስተኛ ነገር ይወልዳሉ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ለአንድ ከብት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ በሙሉ በሰውነቱ ውስጥ አይቀርም። እንደ መድኃኒቱ ዐይነት ከመቶ 30 እስከ 90 የሚሆነው እጅ ሳይለወጥ በእበትና በሽንት ይወጣል። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። ይህ መድኃኒት ከሸክላማ አፈርና ከብስባሽ ጋር አጥብቆ ይጣበቃል። ስለዚህ ወደ ወንዝ የሚሄደው በተለይ ከታጠበው አፈር ጋር ነው። የሰልፋ ወገን የሆኑት መድኃኒቶች ግን ከአፈር ጋር እምብዛም ስለማይጣበቁ በውኃው ሟሙተው ይጓዛሉ። ፔኒሲሊን ደግሞ በአንጻሩ ቶሎ ይፈራርሳል። መሐንዲሱ ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅመዋል፤ አፈሩን የሚያስቀር እርከን የመጀመሪያውን ዐይነት ሲገታ ሁለተኛውን አይገታምና።

ከመድኃኒቱ ቅሪት ይልቅ የሚያሳስበው ግን በከብቱ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲገድል፣ መድኃኒቱን የተላመዱት ማለትም የማይበግራቸው ተርፈው ይራባሉ። የመቋቋም ችሎታቸው በዘረ መላቸው የተጻፈ ሲሆን፣ ይህም ዘረ መል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፕላስሚድ በሚባል ትንሽ ቀለበት ላይ ነው። ባክቴሪያ ይህን ቀለበት ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቱም፣ ከእርሱ ወገን ላልሆነውም ጭምር ሊያስተላልፍ ይችላል። የጃፓን ሊቃውንት ይህን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በተቅማጥ ባክቴሪያዎች መካከል ደረሱበት። ስለሆነም ለሰው ምንም ጉዳት የሌለው የላም ባክቴሪያ በጅረት ውስጥ ወይም በሰው አንጀት ውስጥ ችሎታውን ጎጂ ለሆነው ባክቴሪያ አውርሶ ራሱ ሊሞት ይችላል። ውርሱ ግን ይቀራል።

ይህ ከበረት ወደ ሰው የሚደረግ ጉዞ በተግባር ታይቷል። በአሜሪካ ሐኪሙ ስቱዋርት ሌቪና ባልደረቦቹ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ ለጫጩቶች አብልተው ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1976 አሳትመዋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ በጫጩቶቹ አንጀት የሚገኙት ባክቴሪያዎች ከሞላ ጎደል መድኃኒቱን ተላመዱ፤ ከአምስትና ከስድስት ወር በኋላም መድኃኒቱን ራሳቸው ባልወሰዱት የእርሻው ቤተሰብ አባላት ዘንድ የተላመዱ ባክቴሪያዎች በርክተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የበለጠ አሳሳቢ ነገር አመለከተ። ይኸውም አንቲባዮቲክ ካልተሰጣቸው ላሞች የተገኘ ፍግ እንኳ በማሳ ላይ ሲፈስ፣ በአፈሩ ውስጥ ቀድሞ የነበሩት መድኃኒት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች እንዲራቡ ማድረጉ ነው። እንግዲህ «የእኛ ላሞች መድኃኒት አይወስዱም» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ጎርፉ የሚያደርገው ደግሞ ለእናንተ አዲስ አይደለም። ገበሬው ፍጉን የሚበትነው ከዘር በፊት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ማሳው ገና በሰብል ያልተሸፈነ፣ አፈሩም የላላ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጥለው ከባድ ዝናብ የላይኛውን አፈር፣ ከአፈሩም ጋር ፍጉን፣ ከፍጉም ጋር መድኃኒቱንና ባክቴሪያውን በአንድ ላይ ጠርጎ ወደ ጅረቱ ያወርዳል።

የአደጋው መጠን

በዚህ ስፍራ ነገሩን ከልክ በላይ እንዳላገንን እጠነቀቃለሁ። መድኃኒት ለተላመዱ ባክቴሪያዎች መስፋፋት ብዙ በሮች ክፍት ናቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት፣ ተጀምሮ የሚቋረጥ ሕክምና፣ የሆስፒታል ፍሳሽ፣ በቂ ያልሆነ መጸዳጃ ቤት፣ እነዚህ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ፍግ ብቸኛው በር ነው አልልም። ነገር ግን ሌሎቹን በሮች ለመዝጋት ሐኪሞችና የመድኃኒት ባለሙያዎች ሲደክሙ፣ በእኛ ሙያ የሚዘጋውን አንድ በር ክፍት መተው ተገቢ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። ጉዳዩ ሩቅ አገር ያለ አይደለም። በአሰላ ሆስፒታል በትኩሳት በተኙ ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በብዛት የሚታዘዙትን ኃይለኛ መድኃኒቶች የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች በዚያ መኖራቸውን አሳይቷል። በደጋው ላይ የምትኖር እናት ሕፃኗን ይዛ የምትወርደው ወደዚያው ሆስፒታል ነው። ለሕፃኑ የሚታዘዘው መድኃኒት መሥራቱ ወይም አለመሥራቱ በሐኪሙ ዕውቀት ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን መገንዘብ ይገባናል።

ስዊድን፣ ዲቃላ ላሞችን ወደ አርሲ ለማምጣት የረዳችን ያችው አገር፣ ከብትን ለማፋፋት ሲባል በመኖ ውስጥ አንቲባዮቲክ መጨመርን እ.ኤ.አ. በ1986 ከዓለም ቀድማ ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረትም ይህን አሠራር ከጥር 1 ቀን 2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈጽሞ አስቀረ። በአርሲ ገበሬ ዘንድ መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው የታመመን ከብት ለማዳን እንጂ ለማፋፋት አይደለም። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ችግሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ መሐል አግብቶ ሳያሰጥመን፣ ገና ከዳር ሳለን ልናስተካክለው እንችላለን።

መሐንዲሱ ምን ሊያደርግ ይችላል?

አንደኛ፣ ንጹሑን ውኃ ንጹሕ እንደ ሆነ ማስቀረት ነው። የበረቱ ጣሪያ 200 ካሬ ሜትር ቢሆንና በክረምቱ ወራት 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ፣ ከጣሪያው ብቻ 120 ሜትር ኩብ ውኃ ይወርዳል። ይህ ውኃ በአሸንዳ ተይዞ ወደ ታንከር ቢገባ የመጠጥና የማጠቢያ ውኃ ይሆናል፤ በእበቱ ላይ ቢወርድ ግን 120 ሜትር ኩብ የተበከለ ፍሳሽ ይሆናል። ከበረቱ በላይ የሚመጣውን ጎርፍም በመቀልበሻ ቦይ ማዞር ያስፈልጋል። ከዘረዘርኋቸው ሁሉ ወጪው ትንሹ፣ ጥቅሙም ፈጥኖ የሚታየው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ በቂ ማከማቻ ማበጀት ነው። አንዲት ዲቃላ ላም በቀን 25 ኪሎ ግራም ያህል እበት ትጥላለች ብለን ብንይዝ፣ 20 ላሞች በ120 የክረምት ቀናት ውስጥ 60,000 ኪሎ ግራም ወይም ወደ 60 ሜትር ኩብ የሚጠጋ እበት ያወጣሉ። ሽንቱና ጉዝጓዙ ከዚህ በላይ ነው። ክረምቱን የማያሻግር ጉድጓድ ልክ ጎርፉ በሚበረታበት ወቅት ሞልቶ ይፈስሳል። ጉድጓዱ ወለሉ የማያሰርግ፣ ላዩም ክዳን ያለው ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሙቀት ነው። እበት ከስንዴና ከገብስ ገለባ ጋር በተገቢው መጠን ተደባልቆ ሲከመር፣ በውስጡ የሚሠሩት ተሕዋስያን ራሳቸው ያሞቁታል። የክምሩ ሙቀት ቢያንስ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ15 ቀናት ከቆየና በዚያ ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ከተገላበጠ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ የመድኃኒቱም ቅሪት በእጅጉ ይቀንሳል። በቆጂ ውርጭ የሚጥልባት አገር ስለ ሆነች ግን አነስተኛ ክምር ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ ክምሩ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ማለትና በገለባ መሸፈን አለበት። ቴርሞሜትር ለሌለው ገበሬ፣ በክምሩ መካከል ቆይቶ የወጣ ብረት በእጅ ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ሥራው በመልካም ሁኔታ ላይ እንዳለ ያመለክታል። ይህም ሆኖ ብስባሽ ማዘጋጀት የመላመዱን ዘረ መል ይቀንሰዋል እንጂ ሁልጊዜ ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ የሚቀጥሉትን እርምጃዎች መተው አይቻልም።

አራተኛ፣ ባዮጋዝ ነው። በአገራችን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ፣ ከመሬት በታች የሚሠራው ባለ ጉልላት ማብላያ በብዙ የገበሬ ቤቶች ተተክሏል። ማብላያው ኩበትን በጋዝ ስለሚተካ እበቱ ለማሳው ይተርፋል። ነገር ግን በደጋው ብርድ ማብላያው ቀስ ብሎ ስለሚሠራና ሙቀቱም ባክቴሪያን ለመግደል ስለማይበቃ፣ ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ በቀጥታ ወደ ቦይ ሊለቀቅ አይገባም። ከገለባ ጋር ተደባልቆ ወደ ብስባሽ ክምር ይግባ።

አምስተኛ፣ ጊዜና ርቀት ናቸው። በማሳ የተበተነ ፍግ በዚያው ዕለት ከአፈር ጋር ቢታረስ ጎርፍ የሚወስደው ይቀንሳል። በማሳውና በጅረቱ መካከል ሳይታረስ የሚተው የሣር ቀበቶ አፈሩን ያስቀራል። የፍግ ክምር ከምንጭ በላይ አይቀመጥ። በአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ መሠረት ያልበሰለ ፍግ የተደረገበት፣ ፍሬው ወይም ቅጠሉ አፈር የሚነካ ሰብል ከ120 ቀናት በፊት ለምግብ አይሰበሰብም። ሰላጣና ካሮት ለሚያመርተው ገበሬያችንም ይህ ጥሩ መመሪያ ነው።

ስድስተኛ፣ በሕክምና ላይ ያለችን ላም መለየት ነው። አንቲባዮቲክ የተሰጣት ላም ወተት ለሽያጭ ሊቀርብ አይገባም። የሚደፋው ግን ብዙ ጊዜ በበረቱ ቦይ ውስጥ ነው፤ ወይም ለጥጃ ይሰጣል። ሁለቱም መድኃኒቱን ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ማዛወር ናቸው። ወተቱም ሆነ በእነዚያ ቀናት የሚወጣው እበት ከቦዩ ተለይቶ ወደሚሞቀው ክምር ይግባ።

ለሚነሣው ተቃውሞ

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሐሳብ በነገርኋቸው ጊዜ፣ «ገበሬውን በፍግ አስፈራርተህ ሊገዛው ወደማይችለው ማዳበሪያ ልትመልሰው ነው ወይ?» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም አጭር ነው። ሊፈራ የሚገባው ጥሬ እበት እንጂ የበሰለ ፍግ አይደለም። ጥሬ ሥጋ ያሳምማል ተብሎ ሥጋ መብላት አልቀረም፤ ማብሰል ተለመደ እንጂ። ደግሞም ወደ ወንዝ የሚወርደው ፍግ ለገበሬው ኪሳራ ነው፤ ያ ናይትሮጅን ማሳው ላይ ሊቀር የሚገባው ሀብቱ ነበር። ስለዚህ የጅረቱ ጤናና የገበሬው ጥቅም በዚህ ጉዳይ አይጣሉም።

ከሁሉ ይልቅ ከባድ የሚሆነው ገበሬውን ማሳመን ሳይሆን እኛን ራሳችንን ማሳመን ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው ፍሳሽን በፍጥነትና በጥቂት ወጪ ከግቢ ማስወጣትን ነው። ንድፋችን የሚያበቃው በግቢው አጥር ላይ ነው። እኔም ያን በረት ስነድፍ የቦዩን ስፋት፣ ተዳፋትና የፍሰት መጠን በጥንቃቄ አስልቼ ነበር፤ በሥዕሉ ላይ ግን የቦዩ ጫፍ «መውጫ» ከሚል አንድ ቃል በቀር ምንም አልተጻፈበትም።

ክቡር ሊቀ መንበር፤ በዚህ ምክንያት ለማኅበራችን ሁለት ሐሳቦች አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም የበረት፣ የዶሮ እርባታ ወይም የቄራ ንድፍ በአባሎቻችን ሲዘጋጅ፣ ፍሳሹ ከመውጫው በኋላ የሚደርስበት ስፍራና ከዚያ ስፍራ ውኃ የሚቀዱ ሰዎች በሥዕሉ ላይ እንዲመለከቱ የሚያዝ መመሪያ ማኅበሩ እንዲያወጣ ነው። ሁለተኛው፣ የከታርን ወንዝ ከምንጩ እስከ ሐይቁ በክረምትና በበጋ እየለካ የሚከታተል ሥራ እንዲጀመር ማኅበራችን ከእንስሳት ሐኪሞች፣ ከሕክምና ባለሙያዎችና ከምርምር ማዕከላት ጋር እንዲመክር ነው። ከእነዚህ ሙያዎች አንዱ ብቻውን ይህን ሥራ ሊፈጽመው አይችልም።

ስለ በረቱ መጨረሻ ተናግሬ ላብቃ። በሁለተኛው ዓመት ከወተት አምራቾቹ ጋር ተመካክረን የቦዩን መውጫ ዘጋን፤ ወለሉ የተለሰነ ጉድጓድና ክዳን ያለው የብስባሽ መደብ ሠራን፤ ለጣሪያውም አሸንዳ ገጠምንለት። ሥራው በመጀመሪያው ንድፍ ታስቦ ቢሆን ኖሮ እጅግ ባነሰ ወጪ ይፈጸም ነበር። ዛሬ አምራቾቹ የበሰለውን ፍግ ለድንች ማሳቸው ያውሉታል። እኒያን ሽማግሌ ያገኘኋቸው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ጉድጓዱንና መደቡን ዞረው ተመለከቱና ምስጋናም ወቀሳም ሳይጨምሩ፣ «አሁን ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ሥዕል ላይ «መውጫ» የሚለውን ቃል ስጽፍ ከጎኑ ሌላ መሥመር እጨምራለሁ፤ እናንተም እንድትጨምሩ እለምናችኋለሁ።